እጅ ይነሳል

ፍኖተ ሰላም
ጥር 6 ቀን 1994 ዓ.ም.

ልጄ ስመኘው፣

ጤናህን ከእናትህ ስለሰማሁ አልጠይቅህም። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እናትህን እመት ማሚቱን ቅዳሜ ዕለት ቡሬ ገበያ አግኝቻቸው ነበር፤ ዓይናቸውን ከታከሙ ወዲህ ከሩቅ ለይተው ጠሩኝ። «ለእርስዎ የሚጽፈውን ያህል ለእኔ ቢጽፍ እጁ ይሰበር ነበር?» ብለው ወቅሰውሃል። ለእኔ የምትጽፈው ለሥራ እንደሆነ ነገርኳቸው። አላመኑኝም።

«አቤቱታውን ለኮሚቴው ከማስገባትዎ በፊት ለእኔ ለምን አልነገሩኝም?» ብለሃል። ያልነገርኩህ በውድድር ኮሚቴው ውስጥ የደንቡ ኃላፊ አንተ ስለሆንህ ነው። ቡሬ ትምህርት ቤት ጓሮ፣ ከውሃ ቧንቧ በሠራሁት ዘንግ ላይ እያንጠለጠልኩ ያሳደግሁህ ልጅ ነህ። በዝምድና የተገኘ ነጥብ ነው እንዲባል አልፈልግም። ከጠየቅህ ግን የሆነውን ከእኔው ስማ።

ታኅሣሥ 20 ቀን ለክልሉ የጂምናስቲክ ውድድር ዘጠኝ ልጆች ይዤ በአይሱዙ ጀርባ ባሕር ዳር ገባሁ። ከዘጠኙ አንዷ ያምሮት ናት፤ የማንኩሳው የቄስ ሃይለ ሚካኤል ልጅ። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ከማንኩሳ በእግሯ እየመጣች፣ በድሮው የእህል መጋዘን ውስጥ፣ እኔ ከዋንዛ በጠረብኩት ወርዱ አንድ ጋት በሆነ አግዳሚ ላይ አራት ዓመት ሠርታለች። ስትወድቅ የሚቀበላት ጭድ የሞላሁት ማዳበሪያ ነው። የባሕር ዳሩ አግዳሚ ቆዳ የለበሰ ነበር። ለልምምድ ስትወጣበት ጎንበስ ብላ «የኔታ፣ ይኼማ አልጋ ነው» አለችኝ።

ተራዋ ሲደርስ ዋና ዳኛዋ እጇን አነሳች። ያምሮት እንዳስተማርኳት ከወገቧ ዝቅ ብላ እጅ ነሳች። ዳኛዋ ቆየችና እንደገና እጇን አነሳች። ልጅቱ ሰላምታዋ ያነሰ መስሏት የበለጠ ዝቅ አለች። ዳኛዋ ለሦስተኛ ጊዜ ስታነሳ ልጅቱ መሬት ልትስም ምንም አልቀራት። ሕዝቡ ሳቀ። በሳቅ መሃል ወደ አግዳሚው ወጣች፤ አልወደቀችም፣ አልተንገዳገደችም። ስትወርድም እግሯ እንደ ችካል ተተከለ። ከዚያ ዞራ እንደገና እጅ ነሳች።

ነጥቧ ስምንት ከዜሮ አምስት ሆነ። ሁለተኛ የወጣችው ስምንት ከዐሥራ አምስት አላት። ከያምሮት ላይ ዜሮ ነጥብ ሠላሳ የተቀነሰው «ለዳኛ እጅ ባለማንሳት» ነው ተብሎ ተጽፏል። ባይቀነስባት ሁለተኛ ነበረች። አዲስ አበባ ለሚደረገው የክልሎች ውድድር የሚያልፉት ደግሞ ሁለት ናቸው።

እንግዲህ በስቴንስል አባዝታችሁ የላካችሁልንን የውድድር ደንብ አውጣ። አንተ ነህ የተረጎምኸው። ገጽ ዐሥራ አራት፣ ቁጥር ሰባት እንዲህ ይላል፦ «እንቅስቃሴው ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ ለዳኛ እጅ ይነሳል።» እጅ ይነሳል ይላል፤ እጅ ነሳች። ደንቡን የፈጸመች እሷ ብቻ ናት። መቀጣት የነበረባቸው ሌሎቹ ናቸው።

ያምሮት በዚህ የዕድሜ ምድብ ስትወዳደር የዘንድሮው የመጨረሻዋ ነው። ከከርሞ ጀምሮ ከትልልቆቹ ጋር ትገባለች፤ እዚያ ደግሞ ከፍና ዝቅ ባሉ ሁለት ዘንጎች መሥራት ግዴታ ነው፤ እኛ ዘንጎቹ የሉንም፣ አይኖሩንምም። ስለዚህ አዲስ አበባ የምትገባው ዘንድሮ ነው፤ ካልሆነ የለም። የጠየቅሁት ምሕረት አይደለም። የተቀነሰው ይመለስ፣ ሁለተኛነቷ ይጻፍ።

ይሄይስ ወልደ ገብርኤል
ሃምሳ አለቃ፣ በጡረታ

---

አዲስ አበባ
ጥር 24 ቀን 1994 ዓ.ም.

የተከበሩ የኔታ ይሄይስ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎን በሙቅ ውሃ ይያዙት። መልሱ የዘገየው ከስንፍና ሳይሆን ከእፍረት ስለሆነ ይቅር ይበሉኝ።

አቤቱታዎ በኮሚቴው ፊት ተነቧል። የሆነውን ሳልደብቅ ልንገርዎ፤ መጀመሪያ ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። የኔታ፣ እኔ ገጽ ዐሥራ አራትን ስጽፍ «ነ»ን አጥብቄ ነው። እጅ ይነሳል፣ ማለት እጅ ወደ ላይ ይነሳል። እርስዎ «ነ»ን አላልተው አነበቧት፤ እጅ መንሳት ሆነች። ፊደሉ አንድ ነው። አንድ ሺህ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ሌላ ድምፅ እንዳለው አንድም ቀን አልታየኝም። የጎጃም ልጅ ሆኜ ይህ ማምለጡ ያሳፍረኛል።

«ተጎጂዋ ልጅ ናት፤ ጥፋቱ የደንቡ ነው» ብዬ ተከራክሬአለሁ። ሁለተኛ የወጣችውን ልጅ ግን «አንቺ ቅሪ» ማለት አይቻልም ተባለ፤ እሷም ምንም አላጠፋችም። ያገኘሁት ይህን ነው፦ ዘንድሮ ክልላችሁ በልዩ ሁኔታ ሦስተኛ ሴት ተወዳዳሪ እንዲያስገባ ተፈቅዷል። ሦስተኛዋ ያምሮት ናት። የሚጠበቅብዎ አንድ ደብዳቤ ነው። «የሰላምታውን ደንብ በትክክለኛው ትርጉም ተቀብያለሁ፤ ልጅቱም እጇን በማንሳት ለዳኛ ሰላምታ ትሰጣለች» ብለው ይፈርሙና እስከ መጋቢት 20 ይድረሰን። ውድድሩ ሚያዝያ 10 ነው።

ሁለት መስመር ነው የኔታ። እባክዎ።

ለእናቴ በሚቀጥለው ሳምንት እጽፋለሁ።

ልጅዎ ስመኘው

---

ፍኖተ ሰላም
የካቲት 4 ቀን 1994 ዓ.ም.

ልጄ ስመኘው፣

ለእናትህ አልጻፍህም። ሳምንቱ አልፏል።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ አጥብቄ፣ አንዴ አላልቼ፣ አንዴ ደግሞ አንተ እንዳሰብኸው ለማንበብ ሞክሬ። ደንብ እየጻፍህ ነበር ወይስ ቅኔ እየዘረፍህ? ሕግ የሚጻፈው የጻፈው ሰው አጠገብ ለሌለው ሰው ነው። አንተ አዲስ አበባ ሆነህ ያጠበቅሃት «ነ» ደጀንን ስትሻገር ላልታለች፤ ጥፋቱ የመንገዱ ነው እንግዲህ።

ሦስተኛ ሆና ትግባ ማለትህ ምጽዋት ነው። ሁለተኛ የወጣ ሰው በልዩ ሁኔታ አይገባም። ይህን ግን ልውጠው እችላለሁ። ልጅቱ እንድትሄድ ስል ስንት ነገር ውጫለሁ፤ ውድድሩን ሁዳዴ መሃል ስታደርጉት እንኳ ዝም ብያለሁ። የማልውጠው ሁለቱን መስመር ነው።

ምክንያቱን ንገሩኝ ካልህ ይኸው። የዛሬ አራት ዓመት ያምሮትን ለማስመዝገብ ማንኩሳ ስሄድ አባቷ ቄስ ሃይለ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቁጭ አድርገው አነጋገሩኝ። ሴት ልጅ በሰው ፊት ትገለባበጣለች መባሉ ከብዷቸው ነበር። ፈቀዱልኝ፤ ግን ልጅቱ ከመገለባበጧ በፊትም ከተነሳች በኋላም ለታላላቆች እጅ እንድትነሳ ቃል አስገቡኝ። ቃል ሰጠሁ። እኔ ቃሌን የማጥፍ ሰው እንዳልሆንኩ አንተ ታውቃለህ።

ከዚህም ሌላ አንድ ነገር ልጠይቅህ። በአገራችን ሁለት እጁን ወደ ሰማይ የሰደደ ሰው ምን አደረገ ይባላል? እጅ ሰጠ ይባላል። ምንም ባላጠፋች ልጅ ላይ፣ ገና ሳትጀምር፣ ሰው በተሰበሰበበት እጅ ስጪ ልላት ነው? እጅ መንሳት አስተምራለሁ። እጅ መስጠት አላስተምርም።

ደብዳቤውን አልፈርምም። አንተ ግን ጥፋቱ የአንተ እንደሆነ በማኅተም ጽፈህ ላክልኝ፤ ፋይል አለኝ።

አዲሱን መንደርደሪያ ሠርቼ ጨርሻለሁ። ከወደቀ የጭነት መኪና ባሌስትራ ነው የሠራሁት። ካንተ ዘመኑ ይሻላል፤ ጥርስ አያወልቅም።

ይሄይስ

---

አዲስ አበባ
የካቲት 25 ቀን 1994 ዓ.ም.

የተከበሩ የኔታ፣

ለእናቴ ጽፌአለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ አራት ገጽ ጻፍኩላት፤ በዚያውም አንድ ነገር አዘዝኳት። ይህን ሲያነቡ እንደሚቆጡ አውቃለሁ። ቢቆጡም ልጻፈው።

እናቴ የካቲት 12 ለወርኃዊው ሚካኤል ማንኩሳ ሄዳ ቄስ ሃይለ ሚካኤልን አገኘቻቸው። ስለ ቃሉ ጠየቀቻቸው። እሳቸው ያስገቡዎ ቃል አንድ ብቻ እንደሆነ ነገሯት፤ ልጅቱ ከጉልበቷ በታች የሚደርስ ሱሪ እንድትለብስ። ስለ እጅ ምንም አላነሱም። «ሃምሳ አለቃ ልጆቹን ሲያስጎነብሱ ሳይ ጨዋነት ነው ብዬ ደስ አለኝ እንጂ እኔስ አላዘዝኩም» አሏት። እናቴ ይህን ስትጽፍልኝ መጨረሻው ላይ «የኔታ ዋሽተው አያውቁም፣ ስለዚህ ሕመም ይሆናል» ብላለች።

የኔታ፣ እኔም አልረሳሁም። በ1970 ዓ.ም. ቡሬ ትምህርት ቤት ጓሮ የመጀመሪያው ቀን ያስተማሩኝ መንጠልጠል አልነበረም። ከዚያ ከውጭ አገሩ ሥዕላዊ መጽሐፍዎ የመጀመሪያውን ገጽ ገልጠው አሳዩኝ፤ የመጽሐፉን ቋንቋ እርስዎም አያውቁትም ነበር። ሥዕሉ ላይ ሁለት እጁን ያነሳ ሰው አለ። ሳምንቱን ሙሉ እሱን ብቻ አሠሩኝ። ክርኔ በታጠፈ ቁጥር በአርጩሜ ነኩኝ። «ይህ ሰው ‹መጥቻለሁ፣ እዩኝ› እያለ ነው» ይሉኝ ነበር። ገጽ ዐሥራ አራትን ስጽፍ በዓይኔ የነበረው ሌላ ማንም ሳይሆን እርስዎ ነዎት።

ስለዚህ እጅ ማንሳትን የማያውቅ ሰው አይደሉም። በ1986 ልጠይቅዎ ስመጣ ግን ልጆቹ ያጎነብሱ ነበር፤ አየሁ፣ ዝም አልኩ። በመሃል ምን ሆነ? በ1982 ከጡረታ ተጠርተው ምልምሎችን ሊያሠለጥኑ ሲሄዱ ደብዳቤ ጻፉልኝ፤ ከዚያ እስከ 1984 አንድም ቃል አልነበረም። ያን ጊዜ አልጠየቅሁም። አሁን እጠይቃለሁ።

ሁለቱ እጅ ከከበደዎ አንድ እጅ ብታነሳም ዳኛ ይቀበላል። መጋቢት 20 ሩቅ አይደለም።

ልጅዎ ስመኘው

---

ፍኖተ ሰላም
መጋቢት 5 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለስመኘው፣

እናትህን ሰላይ አድርገህ መላክህን አልወደድኩትም። እሳቸውንም እንዲህ ብዬአቸዋለሁ። ሳቁብኝ።

ስለ አንድ እጅና ሁለት እጅ ያልኸው ያው ነው። ሥጋ ባይበላም መረቁን የጠጣ ሰው ጾሟል አይባልም።

የጠየቅኸኝን አልጽፍም። ስለ መጋዘኑ ከጠየቅህ፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ ሰው ጠርቼ አስደፍናለሁ። ስለ ልጆቹ ከጠየቅህ፣ ዘጠኙም ጾም ላይ ሆነው እየሠሩ ናቸው። ያምሮትን እንደማትሄድ ዛሬ እነግራታለሁ።

ይሄይስ

---

ፍኖተ ሰላም
መጋቢት 15 ቀን 1994 ዓ.ም.

ልጄ ስመኘው፣

«ነገሯት ወይስ አልነገሯትም? አንድ ቃል ይጻፉልኝ» ያልኸው ደረሰኝ። በአንድ ቃል አይሆንም። የምጽፈውን ለቄስ ሃይለ ሚካኤል በአፌ ነግሬአቸዋለሁ፤ ላንተ በጽሑፍ አደርሳለሁ፤ ለሦስተኛ ሰው አልናገረውም።

ነገርኳት። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ እግሯን እየጠረገች ነበር። ዳኞቹ ደንቡን አያውቁም፣ አንቺ ትክክል ነሽ፣ ትክክል ስለሆንሽ ነው የማትሄጂው አልኳት። ጥሩ አድርጌ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። እግሯን መጥረጓን ትታ፣

«የኔታ፣ እኔ እኮ አየኋቸው» አለችኝ።

ምኑን እንዳየች ጠየቅኋት።

«ተራዬ ስድስተኛ ነበር። ከእኔ በፊት አምስቱም እጃቸውን አነሱ። ዳኛዋም ሦስቴ አሳየችኝ። ገብቶኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አላነሳሽም?»

«እርስዎ ያዩኝ ነበራ።»

ይህን ብላ ወርዳ ጭዱን መጥረግ ጀመረች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ሕዝቡ የሳቀው ባላወቀች ልጅ ላይ ነው ብዬ ስናደድ ሁለት ወር ከርሜአለሁ። ለካ እያወቀች፣ እየሳቁባት፣ ነጥቧ እየሄደ፣ ለእኔ ብላ ነው ያጎነበሰችው። ለዳኞቹ እጅ አልነሳችም። እጅ የነሳችው ለእኔ ነው።

ማታውን አልተኛሁም። ሲነጋ ወደ ማንኩሳ ወጣሁ። ቄስ ሃይለ ሚካኤልን ያላሉትን ብለዋል ብዬ በስማቸው ስለዋሸሁ ይቅርታ ልጠይቃቸው ነበር አሳቤ፤ ስጀምረው ሌላው ሁሉ ተከትሎ ወጣ።

በየካቲት 1983 ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚመጣው መንገድ ላይ ከምልምሎቼ ጋር ተከበብን። ምልምሎቹ የልጅ ልጆቼን የሚያህሉ ነበሩ። ተኩስ አልነበረም፤ የሚተኮስም አልነበረም። እጅ ወደ ላይ ተባለ። ልጆቹ እጃቸውን እንደ ፈራ ሰው አጥፈው ጆሯቸው ሥር አደረጉት። እኔ ግን ሰውነቴ የለመደውን አደረገ። እግሬን ገጠምኩ፣ ደረቴን ነፋሁ፣ ክርኔን ቀጥ አድርጌ፣ ጣቶቼን ገጥሜ ሁለት እጄን አነሳሁ። ላንተ ቡሬ ጓሮ ሳምንት ሙሉ ያስተማርኩህን። ለዳኛ የሚቀርበውን። አንደኛው ታጋይ ሳቀ፤ «ይኼኛውስ ልምምድ አለው» አለ። አልተሳሳተም።

ጎፈሬዋን ያሳደገች አንዲት ታጋይ ቀርባ «አባባ፣ ይበቃዎታል፣ ያውርዱት» አለችኝ። ማውረድ አቃተኝ። በገዛ እጇ አወረደችልኝ፣ ውሃም ሰጠችኝ። ክፉ አላደረገችኝም። ክፉ ብታደርገኝ ኖሮ በእሷ ላይ ተቆጥቼ እረሳው ነበር። በሕይወቴ አንድ ጥሩ ነገር ተምሬ ነበር፤ ማንም ሳያስተምረኝ ከሥዕል የለቀምኩት፤ «መጥቻለሁ፣ እዩኝ» የሚለውን። ያን ዕለት እሱን ለጠመንጃ ሰጠሁት። ከዚያ ወዲህ እጄን ከትከሻዬ በላይ ያነሳሁበት ቀን የለም። ጣሪያ ሲያፈስ ሰው የምጠራው ሽማግሌ ስለሆንኩ አይደለም።

አሁን የመጨረሻውን ልጻፍልህ። ይህንን ለቄሱም አልነገርኩም። ደንባችሁ ሲደርሰኝ፣ ገጽ ዐሥራ አራትን ስገልጥ፣ «ነ» እንደምትጠብቅ አውቄአለሁ። ገና ሳነባት አውቄአታለሁ። አላላኋት። ደስ እያለኝ አላላኋት። ማኅተም ያለበት ወረቀት «እጅ ንሳ» ሲለኝ የሚከራከረኝ የለም አልኩ። ስለዚህ ጥፋትህን በማኅተም ጽፈህ ላክ ያልኩህን ተወው። ፋይሌን ዘግቼዋለሁ።

ቄስ ሃይለ ሚካኤል ሰምተው ሲጨርሱ መቋሚያቸውን አጋደሙ። ከዚያ «ሃምሳ አለቃ፣ እኔ በየቅዳሴው ሁለት እጄን አነሳለሁ። ማን ማረከኝ?» አሉኝ። ስነሳ ደግሞ ተከትለውኝ መጥተው፣ ደንቡን የጻፈው ልጅ በሰም ሲጽፍ ወርቁ አምልጦት ሰው አጣልቷልና ቅኔ ቤት ቢገባ ይሻለዋል በሉልኝ አሉ። ብያለሁ።

የፈረምኩት ደብዳቤ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ሁለት መስመር ነው። እንደነገርኸኝ ቀላል አልነበረም። መጋቢት 20 ሳይደርስ እንዲገባ በፖስታ ሳይሆን በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ልኬዋለሁ፤ ቢሮህ ድረስ አምጥቶ እንዲሰጥህ ነግሬዋለሁ።

ይሄይስ

---

ፍኖተ ሰላም
ሚያዝያ 6 ቀን 1994 ዓ.ም.

ልጄ ስመኘው፣

ይህን ደብዳቤ የሰጠችህ ያምሮት ናት። ከአባቷ ጋር ነው የመጣችው። ጾመኞች ናቸው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትጋብዛቸው፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ደግሞ አታስርባቸው። ቄሱ አዲስ አበባን አይተው አያውቁም፤ መንገድ ሲሻገሩ ክንዳቸውን ያዝ፣ እንደያዝሃቸው ግን አይወቁ።

የሠራነውን ልንገርህ። ደብዳቤውን በላክሁ ማግስት የመጋዘኑን በር ዘግቼ ዘጠኙን አሰለፍኩ። በቃል ላስረዳቸው ሞከርኩ። «ክርን ቀጥ፣ ጣት ገጠም፣ አገጭ ቀና» አልኩ። ስምንቱ እንደ ዶሮ ክንፍ አነሱት። ያምሮት እጇን ከጎኗ ሳታነቃንቅ «የኔታ፣ እስቲ ያሳዩን» አለች። እያየችኝ ነበር፤ ያቺ ዓይን ስታይ አትላላም። አሳየሁ። ቀኝ ትከሻዬ እንደ ዛገ ማጠፊያ ጮኸ፣ ግራው ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ልጆቹ ሳቁ። ሳቃቸውን እስኪጨርሱ አላወረድኩትም። ከዚያ እሷ አነሳች፤ አንዴ ብቻ፣ ጣሪያውን ልትነካ የደረሰች ይመስል። ላርማት ፈለግሁ። የሚታረም አጣሁባት።

ሁለቱን እጅ ነው ያስተማርኳት። ግማሽ ነገር አላስተምርም።

ዛሬ መናኸሪያ ስሸኛት፣ አውቶቡሱ ላይ ከመውጣቷ በፊት ዞር ብላ ከወገቧ ዝቅ ብላ እጅ ነሳችኝ። «ለእኔ ይሄ ይበቃል» አልኳት። «አዲስ አበባ ስትደርሺ ይሄን እዚህ እንደተውሽው ቁጠሪው።»

«ለምን አልመጡም?» ብለህ በሚቀጥለው ደብዳቤህ እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁና አሁኑኑ ልመልስልህ። ጉልበቴ አይደለም። የአውቶቡሱም ዋጋ አይደለም። እኔ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ካለሁ ትፈልገኛለች፤ ካገኘችኝ እኔን ታያለች። ማየት ያለባት ዳኛዋን ነው።

አንድ የማዝዝህ ነገር አለኝ። ደንቡን ዳግመኛ ስታባዙ ገጽ ዐሥራ አራትን አስተካክለው። «እጁን ወደ ላይ ከፍ ያደርጋል» ብለህ ጻፍ፤ ቃል አትቆጥብ። በሌላ አገር ሌላ አሰልጣኝ አለ፤ እሱም ሊያላላው የሚፈልገው የራሱ ነገር ይኖረዋል።

ለእናትህ ጻፍ። ለእኔ ደግሞ ውድድሩ እንዳለቀ አንድ ወረቀት ላክልኝ። ነጥቡን አትጻፍ፤ ነጥቡን ወሬኛ ያደርስልኛል። ስትጀምርና ስትጨርስ ክርኗ ቀጥ ብሎ እንደነበር ብቻ ጻፍልኝ።

ይሄይስ